ከመወሰናችን በፊት አወሳሰኑን እንወስን

ኮሚቴ ሲቋቋም ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሥራ ይጀመር ይባላል። ሐሳብ ሲለያይ ነገሩ በምን እንደሚቈረጥ አስቀድሞ የተነጋገረ ኮሚቴ ግን በግቢያችን እምብዛም አላየንም። ስለዚህ ስብሰባው ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ግማሹም «ይህ ነገር ተወስኗል፤ አልተወሰነም» በሚል ሙግት ያልቃል።

እናቶቻችን በዕቁብ ከእኛ ይልቃሉ። አንድ ብር ሳይሰበሰብ መዋጮው ስንት እንደ ሆነ፣ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ፣ ቸግሮት ተራ የሚለምን ቢመጣ ምን እንደሚደረግ ይስማማሉ። ዕጣው ለማን እንደሚወጣ የሚያውቅ ስለሌለ ደንቡን ወደ ራሱ የሚያጋድል አይገኝም። እኛ ዘንድ ግን ክርክሩ ከጋለ በኋላ «በድምፅ ብልጫ ይሁን» የሚለው ደጋፊዎቹን ቈጥሮ የጨረሰ ነው፤ «የለም፣ ሁላችንም እስክንስማማ እንቈይ» የሚለውም ቈጥሮ ያነሰበት ነው።

ሁሉም ይስማማ ማለት ለጆሮ ይጥማል፤ በሥራ ግን ለአንዱ እንቢተኛ ሥልጣን መስጠት ነው። በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ከ15 አባሎች 14ቱ ቢደግፉ እንኳ ከአምስቱ ቋሚ አባሎች አንዱ በዋና ጉዳይ ላይ ተቃውሞ ድምፅ ከሰጠ ውሳኔው ይወድቃል።

የድምፅ ብልጫም ቢሆን ሒሳቡ ይታይ። ከ30 አባል 16 ከተገኙ ምልዓተ ጉባኤ ሞላ፤ 9 እጅ ካወጡ ነገሩ አለቀ። ለወረቀት መግዣ ይህ ይበቃል፤ አባልን ለማባረር ግን አይበቃም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም የተወካዮች ምክር ቤት ተራ ውሳኔውን በተገኙት አባላት አብላጫ ድምፅ እንዲሰጥ ሲፈቅድ፣ ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ግን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ጠይቋል።

ደግሞም በልማዳችን ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ዝም ሲል ጸሐፊው «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብሎ በቃለ ጉባኤ ያሰፍራል። ልጁ ግን ተስማምቶ ሳይሆን አፍሮ ነው! የሰው ስም የሚነካ ነገር በምስጢር ድምፅ ቢሆን የምንለው ስለዚህ ነው።

ለሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ የግማሽ ገጽ ረቂቅ እናቀርባለን፦ ጸሐፊው ብቻውን የሚጨርሰው የቱ ነው፤ በአብላጫ ድምፅ የሚያልቀው የቱ ነው፤ ሁለት ሦስተኛ የሚያሻውስ የቱ ነው? ይህ ረቂቅ ራሱ በስንት ድምፅ ይጽደቅ የሚለውን ግን ከአሁኑ አስቡበት።