ባሕሩ ሩቅ ነው፤ አባ ሳሙኤል ግን እዚሁ አቃቂ ሥር ነው

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከቃሊቲ ወደ አቃቂ የሚወስደውን መንገድ ለሚያውቅ ሰው የአዲስ አበባን መጨናነቅ ማስረዳት አያስፈልግም። ከጂቡቲ የመጣው ተሳቢ ወደ ጉምሩክ ለመግባት ይጠብቃል። የፋብሪካ ሰርቪስ ሠራተኛ ያራግፋል። በመሀል "ደብረ ዘይት እንውጣ" ብሎ የተነሳው የቤት መኪና መስኮቱን ዘግቶ፣ ክላክሱን እያስጮኸ ቶሎ ለማለፍ ይታገላል። ገንዘቡን ከፍሎ መገላገል የፈለገው ደግሞ በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ ፈጣን መንገዱ ይገባል። የሁሉም ፍላጎት አንድ ነው፤ ከጭሱና ከጫጫታው ርቆ አንድ ቀን እንኳ ውሃ ዳር መቀመጥ።

ይህን ፍላጎት የሚነቅፍ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ስድስት ቀን የታሸ ሰው ሰባተኛውን ቀን ውሃ እያየ ዝም ማለት ያስፈልገዋል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። በዚህ መንገድ ዳር የሚኖረው፣ ሌላው ሰው ወደ ሐይቅ ሲያልፍ አቧራውን የሚቅመው የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪ እሱስ የት ሄዶ ይረፍ?

ቃሊቲ ሲባል አብዛኛው ሰው ወህኒ ቤቱን፣ ጉምሩኩን ወይም መናኸሪያውን ያስባል። አቃቂ ሲባል ፋብሪካ ይታወሰዋል፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ። ሰው ለሥራ፣ ለጉዳይ ወይም ለማለፍ የሚመጣበት አካባቢ ነው። ለመዝናናት ወደ አቃቂ የሚመጣ የለም። ነገሩ የሚገርመው ግን አቃቂ ውሃ አጥቶ አለመሆኑ ነው። ስሙ ራሱ የወንዝ ስም ነው። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ከተማዋን አቋርጠው ወደ ደቡብ ይወርዱና የሚገናኙት አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ነው። ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው፤ በአገራችን ከቀደምቶቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተገነባው እዚያ ነው። ለአሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. አካባቢ በቻይና ድጋፍ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተደርጓል።

እንግዲህ ከአቃቂ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሐይቅ አለ ማለት ነው። ቅዳሜና እሑድ ልጆቹን ይዞ እዚያ የሚሄድ ቤተሰብ ስንት ነው? ምክንያቱን ሽታው ይናገራል። ወደ አባ ሳሙኤል የሚገባው የአዲስ አበባ ሽንት ቤት፣ የጋራዥ ዘይት፣ የቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ የገበያ ቆሻሻ ነው። በደለልና በእምቦጭም ተወርሯል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት ለአቃቂ ልጅም ይሠራል፤ በሐይቅ አጠገብ እየኖረ ሐይቅ ለማየት ቢሾፍቱ ድረስ የትራንስፖርት ይከፍላል።

*ስለ ባሕር ብዙ አውርተናል*

ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ የአገራችን ትልቅ ወሬ ባሕር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ስለ ቀይ ባሕር በሰፊው ተናገሩ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። በቀጣዩ ታኅሣሥ ደግሞ ከሶማሊያ ጋር የአንካራው ስምምነት መጣ። የወደብ ጥያቄ ቀላል ጥያቄ ነው እያልኩ አይደለም። ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የገቢና የወጪ ንግዳችን በጂቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከቃሊቲ ነዋሪ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የጂቡቲ ወደብ ጭነት በየቀኑ በበሩ ሥር ያልፋል።

ነገር ግን የወደብ ጥያቄና የሰው ዕረፍት ጥያቄ ይለያያሉ። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ዘመን የባሕር ዳርቻ ነበረን። ያኔ ለመዝናናት ምጽዋ ድረስ የሚወርደው ማን ነበር? ቤተ መንግሥቱ፣ ሹማምንቱ፣ የውጭ ሰዎችና ገንዘብ ያለው ጥቂት ሰው። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ባሕሩን የሚያውቀው ከትምህርት ቤት ካርታ ላይ ነበር። አገር ባሕር ስላላት ብቻ ድሃዋ ባሕር ዳር አይቀመጥም። ጎረቤታችን ጂቡቲ ባሕር ላይ ተቀምጣ፣ በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ አቅም ያላቸው ሰዎቿ ነፋሻ አየር ፍለጋ ወደ እኛ አገር ይመጣሉ። ዕረፍት የሚገኘው ባለው ነገር አጠቃቀም ነው።

*ቢሾፍቱ ቅርብ ናት፤ ለማን?*

ለአዲስ አበቤ "ባሕር ዳርቻ" ማለት በተግባር ቢሾፍቱ ነው። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ፤ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውሃ፣ ከመሀል ከተማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ። ራቅ ማለት የፈለገ ሶደሬ፣ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ይሄዳል። ከአቃቂ ከተነሳን ቢሾፍቱ የጎረቤት ያህል ናት።

ግን ወደ ውሃው መድረስ ሌላ ነገር ነው። የሐይቆቹ ዳርቻ በአብዛኛው በሎጅ፣ በሪዞርትና በግል ቪላ ተይዟል። ውሃውን ለማየት መጀመሪያ በር ማለፍ አለብህ፤ በሩን ለማለፍ መክፈል አለብህ፤ ከገባህ በኋላ ምግብ ይዘህ መግባት አይፈቀድም ትባላለህ። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች ሆነው ቢሄዱ የአንድ ቀኑ ሒሳብ የፋብሪካ ሠራተኛን የወር በጀት ያናጋል። ስለዚህ አይሄዱም። ልጆቹ እሑድን የሚያሳልፉት ኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ በቆሙ መኪኖች መካከል ኳስ እየመቱ ነው።

ሆቴሎቹን ለመክሰስ አይደለም። የሥራ ዕድል ፈጥረዋል፤ ግብር ይከፍላሉ፤ ሰርግና ስብሰባ ያስተናግዳሉ። ጥፋቱ የባለሆቴሉ ሳይሆን መሬቱን ሲሰጥ ለሕዝብ የአንድ ሜትር መተላለፊያ እንኳ ያላስቀረው አሠራር ነው። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ሐይቁም እንደዚያው መሆን ነበረበት። በእሬቻ ዕለት ሆራ አርሰዲ ላይ ያንን ሕዝብ ያየ ሰው ይህ ውሃ የማን እንደሆነ አይጠፋውም። ጥምቀት ሲመጣም እንዲሁ ነው፤ ሁላችንም ወደ ውሃ እንወርዳለን፤ የመግቢያ ትኬት የሚጠይቅ የለም። ውሃን የጋራ አድርጎ ማየት ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም፤ ባህላችን ነው።

ደግሞም ይቻላል። ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር አመሻሽ ላይ የሄደ ሰው ያውቃል፤ ተማሪው፣ ጥንዱ፣ ጡረተኛው፣ ባለ ካሜራው፣ ቆሎ ሻጩ አብሮ ይንሸራሸራል። ያ የእግር መንገድ ሐዋሳን ከየትኛውም ሪዞርት በላይ አስወድዷታል።

*ማስዋብና ማጽዳት አንድ አይደሉም*

"ከተማዋ እኮ በወንዝ ዳርቻ ልማት ላይ ናት" የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው። ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር ሊለማ ታቅዶ ነበር። ከዚያ ወዲህም ብዙ ፓርኮች ተከፍተዋል፤ የኮሪደር ልማቱም ወንዞቹ ድረስ ደርሷል። እንጦጦን፣ አንድነት ፓርክን፣ የወዳጅነት አደባባይን አይተን ተደስተናል። ሰው የሚቀመጥበት ቦታ መብዛቱ መልካም ነው።

ሆኖም ወንዝ ከላይ ወደ ታች ነው የሚፈሰው። ላይ፣ መሀል ከተማ፣ ዳርቻው ድንጋይ ተነጥፎለት፣ መብራት ተተክሎለት፣ አበባ ተተክሎለት ሊያምር ይችላል። በመሀሉ የሚወርደው ፍሳሽ ካልተለወጠ ግን ያ ሁሉ ቆሻሻ የሚያርፈው ታች፣ አቃቂ ነው። ክረምት ሲመጣ ወንዙ ከዳርቻው ወጥቶ የነዋሪ ቤት ይገባል፤ ይዞት የሚገባውም ያንኑ ቆሻሻ ነው። በበጋ ደግሞ በዚያው ውሃ ጎመኑና ሰላጣው ይለማና ወደ መሀል ከተማ ገበያ ይመለሳል። ተመራማሪዎች በአቃቂ ውሃ በሚለማ አትክልት ላይ ከባድ ብረቶችን እንዳገኙ ደጋግመው ጽፈዋል። ላይ ያለው ሰው የጣለውን በሰሐን ይበላዋል።

በቃ ብሎ መሸሽም አያዋጣም። ከአባ ሳሙኤል የሚወጣው ውሃ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ወደ ቆቃ ይሄዳል፤ ከቆቃ ወርዶ በአዳማ በኩል ሶደሬን ያልፋል። የአዳማ ሕዝብ የሚጠጣው ከአዋሽ ተጣርቶ ነው። ከአዲስ አበባ ግርግር አምልጦ ሶደሬ ወንዝ ዳር የተቀመጠ ሰው ከፊቱ የሚያልፈው ጥሎት ከመጣው ከተማ የወረደ ውሃ መሆኑን ቢያስብ ደስ አይለውም።

ፓሪስን እንመልከት። በሴን ወንዝ መዋኘት ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነበር። በ2025 ሐምሌ ላይ ለሕዝብ ተከፈተ። በዚህ መሀል የወጣው 1.4 ቢሊዮን ዩሮ በአብዛኛው የሄደው አይን ወደማያየው ሥራ ነው፤ ለፍሳሽ ቱቦ፣ ለማጣሪያ ጣቢያ፣ የዝናብ ውሃና ፍሳሽ ተቀላቅሎ ወንዝ እንዳይገባ ለሚያጠራቅም ግዙፍ ጉድጓድ። መጀመሪያ ቱቦው፣ ከዚያ ወንበሩ። የፓሪስ ገንዘብ የለንም። ቅደም ተከተሉን ለመማር ግን ገንዘብ አያስፈልግም።

መነሻም አለን። የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም እንዲኖረው ተደርጓል። ይህም ያለው እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ነው። ልብ በሉ፤ ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ ብዙው ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ጭምር ይሳባል፤ የከተማዋ ፍሳሽ ደግሞ ወደ አቃቂ ይመለሳል። ንጹሑን ሰጥቶ ቆሻሻውን የሚቀበል ክፍለ ከተማ ቢያንስ አንድ ንጹሕ የውሃ ዳርቻ ይገባዋል።

*ይህ ቅንጦት ነው?*

"ሰው ዳቦ ባጣበት ጊዜ ስለ መዝናናት ታወራለህ" የሚለኝ አይጠፋም። የኑሮ ውድነቱን እኔም እኖረዋለሁ። ግን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የሠራተኛን የዕረፍትና የመዝናናት መብት ከክፍያ ጋር ከሚሰጥ ዕረፍት ጋር አብሮ ጽፎታል። አንቀጽ 44 ደግሞ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብትን ይሰጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ ዕረፍት ያዛል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከወጣ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሕግ አላጣንም። እሑድን የሰጠ ሕግ እሑድ የሚዋልበት ቦታ ካልሰጠ ግን ለአቃቂ ሠራተኛ የተረፈው ወይ ግሮሰሪ ነው፣ ወይ ጫት ቤት ነው፣ ወይ ቤት ተዘግቶ መተኛት ነው። የመዝናኛ ቦታ ማጣት ምን እንደሚያመጣ በየሰፈራችን እያየነው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ተራ ነገር ነው።

አንደኛ፣ ወደ ሁለቱ አቃቂዎች ፍሳሽ የሚለቁ ድርጅቶች እነማን እንደሆኑና ምን እንደሚለቁ በየጊዜው ለሕዝብ ይገለጽ። ስሙ የታወቀ ድርጅት ማጣሪያውን ያበራል።

ሁለተኛ፣ የወንዝ ዳርቻ በጀት ሲመደብ የቱቦው ድርሻ ከድንጋይ ንጣፉ ይቅደም።

ሦስተኛ፣ የአባ ሳሙኤል ዳርቻ ለሎጅ ከመሸንሸኑ በፊት ለእግረኛ የሚሆን ነጻ መተላለፊያ ከአሁኑ ይከለል። ሐይቁ የጸዳ ዕለት መሬቱ ይወደዳል፤ ያኔ "ለሕዝብ" ቢባል የሚሰማ የለም። ይህ የአዲስ አበባንና የኦሮሚያን መስተዳድር አብሮ መሥራት ይጠይቃል፤ ወንዙ እንደሆነ ወሰን አያውቅም።

አራተኛ፣ ይህ እስኪሆን ድረስ እሑድ እሑድ ከቃሊቲ ወደ ቢሾፍቱ በመደበኛ ታሪፍ የሚመላለስ አውቶቡስ ይመደብ፤ የከተማዋ አስተዳደርም ቢያንስ በአንድ ሐይቅ ላይ ያለ ክፍያ የሚገባበት ዳርቻ ያዘጋጅ።

ቀይ ባሕር ላይ ነገ ምን እንደሚሆን የሚወስኑት ብዙ መንግሥታት ናቸው። አባ ሳሙኤልን የሚያቆሽሸው ግን አንድ ከተማ ነው፤ የሚያጸዳውም እሱው ነው። ለዚህ የማንንም አገር ፊርማ መጠበቅ አያስፈልግም።

በዚህ ሳምንት መጨረሻ ወደ ቢሾፍቱ የምትወጡ መልካም ዕረፍት ይሁንላችሁ። አቃቂን ስታልፉ ግን መስኮታችሁን ለአንድ ደቂቃ ክፈቱትና ሽታውን አሽትቱት። ከሁላችንም ቤት የወጣ ነው።