ላስቲክ የለበሰ መኪና አልተጠበቀም

ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ሳጉሬ የደረሰ ሰው ደጅ ቆመው የሚያያቸው ተሽከርካሪዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የለበሱና ያልለበሱ። የለበሱት ቪትሶችና ኮሮላዎች ናቸው፤ በብርማ ሸራ ወይም በሰማያዊ ላስቲክ ተጠቅልለው፣ ወገባቸው በገመድ ታስሮ። ያልለበሱት ትራክተሮችና ኮምባይነሮች ናቸው። የአገሬው እንጀራ ያለው በኋለኞቹ ላይ ነው፤ ጥንቃቄው ግን ወደ ፊተኞቹ ሄዷል። የሚያሳዝነው ደግሞ የለበሱትም ቢሆኑ በደንብ አለመጠበቃቸው ነው።

በመጀመሪያ ለባለ መኪናው ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ሰው መኪናውን እንደ ልጅ የሚያለብሰው ሞኝ ሆኖ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ሞተራቸው መጠንና እንደ ዕድሜያቸው እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አሮጌ ኮሮላ መጓጓዣ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብ ጥሪት ሆኗል፤ ለአንዳንዱ ከቤቱ ቀጥሎ ያለው ብቸኛ ንብረት ነው። ቢበላሽ የሚተካው የለም። ስለዚህ ጭንቀቱ ትክክል ነው። የተሳሳተው መድኃኒቱ ነው።

ሳጉሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ደጋ ናት። በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ባትሞቅም ታቃጥላለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ቀለም የሚያደበዝዘው፣ ዳሽቦርድ የሚሰነጥቀው፣ ጎማ የሚያደርቀው ይኸው ጨረር ነው። ክረምቱ ረጅም ነው፤ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ይመጣል። ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ጠዋት መስታወቱ ላይ አመዳይ ይገኛል፣ ረፋድ ላይ ያው መኪና ፀሐይ ላይ ይግላል። አንድ ላሜራ በአንድ ቀን ውስጥ ከውርጭ ወደ ግለት ይመላለሳል ማለት ነው።

በዚህ አየር ላይ ላስቲክ ሲጨመርበት ምን ይሆናል? ላስቲክ ውኃ አያስገባም፤ አያስወጣምም። ዝናብ የመታው መኪና ሳይደርቅ ሲለብስ ውኃው ከታች ይታፈናል። ከመሬት የሚነሣው እርጥበትም እዚያው ይገባል። ቀን ፀሐይ ያተንነዋል፣ ሌሊት ብርዱ መልሶ ጠብታ ያደርገዋል፣ ጠብታው በበር ጠርዝና ቀለም በተላጠበት ሁሉ ይቀመጣል። ዝገት የሚፈልገው ይህንን ነው። ከዚያ ነፋሱ አለ። ከጭላሎ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ያልጠበቀ ሸራን ሌሊቱን ሙሉ ሲያራግበው በሸራውና በቀለሙ መካከል ያለው አቧራ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ይሠራል። ባለቤቱ በሁለተኛው ዓመት ቀለሙ ለምን እንደፈዘዘ ሲጠይቅ ፀሐይን ይወቅሳል። ፀሐይዋ ግን ላስቲኩን አላለፈችም።

ገበያው ላይ ያለው ስስ ብርማ ልብስም ከላስቲክ ብዙም አይሻልም። በአንድ ልክ ተሰፍቶ ለቪትስም ለአባዱላም ይሸጣል። ለአንዱ ይሰፋል፣ ለሌላው ይጠብባል፤ የሰፋው ይራገባል፣ የጠበበው ስፖኪዮው ጋ ይቀደዳል። ከውስጥ ለስላሳ ጨርቅ ያለው፣ አየር የሚያስተነፍስ ዓይነት አለ፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው፣ ብዙው ሰውም ልዩነቱን የሚነግረው ሻጭ አያገኝም።

የሚገርመው የአርሲ ገበሬ ይህንን ትምህርት ከማንም በላይ ማወቁ ነው። እርጥብ ስንዴ ጎተራ የሚያስገባ ገበሬ የለም። ጎተራው ራሱ መሬት አይነካም፤ በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ላይ ይቆማል፣ ከሥሩ ነፋስ ያልፋል፣ ከላዩ ክዳን አለው። ላብ ያጠመቀውን ፈረስም ማንም በላስቲክ ጠቅልሎ አያሳድርም። ለእህልና ለፈረስ የሚሠራው ዕውቀት መኪና ደጅ ሲደርስ ለምን ይጠፋል? ምናልባት የመኪና ልብስ የሚለው ስም ራሱ አሳስቶ ይሆናል። ብረት የሚፈልገው ክዳን ነው፤ ሲለብስ ይታፈናል።

ሸራ ምንም አይጠቅምም ማለት ግን ሌላ ስሕተት ነው። በበጋ፣ ታጥቦ በደረቀ መኪና ላይ፣ ልኩ ሆኖ ከሥር ተጠብቆ የታሰረ ሸራ ከውርጭ፣ ከፀሐይና ከወፍ ኩስ ያድናል። ከሌባ ዓይንም ይሰውራል፤ ስፖኪዮ የተሰረቀበት ሰው ይህን አቅልሎ አያየውም። በክረምት ግን ዝናብ ባባራ ቁጥር ካልተገለጠና ካልተናፈሰ ጥቅሙ ለጎረቤት ዓይን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ቪትስ ነው። የቪትስ ቀለም ቢላጥ የሚጎዳው አንድ ቤተሰብ ነው። ኮምባይነር ሲበላሽ ግን የሚጎዳው ሙሉ ቀበሌ ነው።

የአርሲ ደጋ ስንዴ የሚታጨደው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሳምንታት ነው። ኮምባይነሩ በኩንታል እየተከፈለው ከማሳ ማሳ ይዞራል፣ አንዳንዱም ወደ ባሌ ይሻገራል፤ ከዚያ ለወራት ይቆማል። የሚቆመውም ሆዱ ውስጥ እብቅና ገለባ እንደያዘ ነው። እብቅ እርጥበት ይስባል፣ አይጥ ይጠራል። አይጡ ገመዱን ይቆርጣል፣ እርጥበቱ ኩሽኔታውንና ካቴናውን ያዝጋል፣ ፀሐይዋ ቺንጋውንና ጎማውን ትሰነጥቃለች። ጉዳቱ በቆመበት ወቅት አይታይም። የሚታየው ማሽኑ ኅዳር ላይ ማሳ መሃል ሲቆም ነው። ያን ጊዜ ኩሽኔታ ፍለጋ አሰላ፣ ካልተገኘ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ይኬዳል፤ የደረሰው ስንዴ ግን መካኒክ አይጠብቅም። ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ከቀደመ የዓመት ልፋት እዚያው ማሳ ላይ ይበቅላል።

ማሽን ለአርሲ የትናንት እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ዕርዳታ የተቋቋመውና ካዱ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የጭላሎ ልማት ፕሮጀክት መቀመጫው አሰላ ነበር። በዚያ ዘመን ትራክተር ያገኙ ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን ከመሬት ማፈናቀላቸው በሰፊው የተጻፈ ታሪክ ነው። ይህች ምድር ለማሽን ዋጋ በሰው ሕይወት ጭምር ከፍላለች። ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ማሽኑ የት ያድራል የሚለው ጥያቄ መልስ አለማግኘቱ ያሳፍራል።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የግብርና ማሽኖች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ፈቅዷል፤ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ወሬው ሁሉ ስንት ማሽን ገባ፣ ስንት ተከፋፈለ የሚል ነው። ርክክብ ካሜራ ይጠራል፤ በሦስተኛው ዓመት ስንቱ ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ካሜራ ግን የለም። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሣር የበቀለባቸው ፒክአፖችም የዚሁ አስተሳሰብ ውጤት ናቸው፤ ዕቃ መግዛት ሥራ ነው፣ ዕቃ መጠበቅ የማንም ሥራ አይደለም። በውጭ ምንዛሪ የተገዛን ብረት ዝናብ ላይ ማቆም ዶላር ዝናብ ላይ ከማስጣት በምን ይለያል?

«አቅም የለንም» የሚለው መልስ ለኮምባይነር ባለቤት አይሠራም። ባሕር ዛፍ በሳጉሬ ዙሪያ ሞልቷል። በአጣናና በቆርቆሮ የተሠራ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ማሽኑ ከሚጠይቀው አንድ ከባድ ጥገና ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። እሱም ካልተቻለ ሸራው በአጣና ከፍ ብሎ፣ ብረቱን ሳይነካ ይወጠር፤ እብቁ ተጠርጎ ይውጣ፣ ካቴናው ግራሶ ይቀባ፣ ባትሪው ተፈትቶ ቤት ይግባ። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

የቀረው የተቋማት ዕዳ ነው። በአሰላ የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል አለ፤ በእርሻ መሣሪያ ላይ ከሚሠራው ሥራ ጎን ለአንድ ትራክተርና ለአንድ ኮምባይነር የሚሆን የርካሽ መጠለያ ንድፍ አውጥቶ፣ በአፋን ኦሮሞ ገበሬው እጅ ቢያደርስ ከብዙ አውደ ጥናት ይበልጣል። ማሽን በሊዝና በብድር የሚሰጡ ተቋማትም ገንዘቡን ከመልቀቃቸው በፊት የሚያድርበትን ቦታ ሄደው ይዩ። ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለማዳበሪያ መጋዘን መሥራት ችለዋል፤ የአባሎቻቸውን ስንዴ ለሚያጭደው ማሽን የጋራ ጣራ ማቆም አያቅታቸውም። ይህ ሁሉ መጠናቀቅ ያለበት ደግሞ ሰኔ ሳይገባ ነው።