ከእጅ ወደ እጅ የሚሻገር ፍላሽ

በሱዳን ምድር በአትባራ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራው የኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ ከሀገራችን ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ በሚወርደው ደለል እየተሞላ ስለሚቸገር፣ በጎርፍ ወራት በሮቹ ተከፍተው ደለሉ ይጠረጋል፤ ያገለገለ ላፕቶፕም እንደዚሁ የቀድሞ ባለቤቱን ፎቶግራፍ፣ የይለፍ ቃልና ቫይረስ ሳያራግፍ ለአዲሱ ጌታው በቅንነት ይታዘዛል ብሎ ማመን የዋህነት ነው። ስለዚህ የቀድሞውን ሁሉ ጠርጎ አዲስ ሥርዓተ ክወና ለመጫን ወጣቶቻችን ቡታብል ፍላሽ የሚሉት መሣሪያ ያስፈልጋል።

አሠራሩ አያስቸግርም። ከሊኑክስ ዝርያዎች የኡቡንቱ ወይም የሊኑክስ ሚንት አይኤስኦ የተባለ የመጫኛ ፋይል ተገኝቶ፣ ሩፉስ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት በባዶ ፍላሽ ላይ ይጻፋል፤ ፋይሉን እንዲያው ኮፒ አድርጎ ያስቀመጠ ሰው ግን ኮምፒውተሩ ሳይነሣለት ይቀራል። ከዚያም መሣሪያው ሲበራ በዴልና በሌኖቮ ኤፍ 12ን፣ በኤችፒ ኤፍ 9ን ተጭኖ ፍላሹን መምረጥ ነው። ዊንዶውስ 10 ከኦክቶበር 14 ቀን 2025 ወዲህ ነጻ ጥገናው ስለቆመ፣ ዊንዶውስ 11ም ቲፒኤም 2.0 የሌለውን አሮጌ ማሽን በሕጉ ስለማይቀበል፣ ለእንዲህ ያለው ላፕቶፕ ሊኑክስን ማስቀደም የሚሻል ይመስለኛል፤ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ከመጫን ደግሞ ያለ ጥርጥር ይሻላል።

ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የመሻገሩ ልማድ በሱዳን ምድር ምክንያት አለው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 በጣለችው ማዕቀብ የተነሣ፣ ሶርስፎርጅ የተባለው የነጻ ፕሮግራሞች ግምጃ ቤት በ2010 ደጁን ለሱዳን ዘጋ፤ ለሰው ሁሉ ተብሎ በነጻ የተሰጠ ጸጋም በፖለቲካ ወሰን ታጠረ። ማዕቀቡ በ2017 በአብዛኛው ቢነሣም፣ በኤፕሪል 2023 የፈነዳው ጦርነት ኔትወርኩን አቃወሰው፤ በፌብሩዋሪ 2024 አብዛኛው የሀገሪቱ ክፍል ከመስመር ውጭ ሆኖ ሰነበተ። እንዲህ ባለ ዘመን ብዙ ጊጋባይት የሚመዝን ፋይል በስልክ ኢንተርኔት ማውረድ ከንቱ ድካም ስለሚሆን፣ አይኤስኦውን ይዞ ከገዳሪፍ ወይም ከከሰላ በአውቶቡስ የሚመጣ ፍላሽ ይመረጣል።

እኔ የምነቅፈው መሻገሩን ሳይሆን ሳይመረመር መታመኑን ነው። ፍላሹ በስንት ኮምፒውተር ላይ እንደዋለ፣ ፋይሉ ሲወርድ መካከሉ ላይ ተቋርጦ እንደነበረ የሚጠይቅ የለም። ነገር ግን አዘጋጆቹ ከእያንዳንዱ አይኤስኦ ጋር ሻ 256 የሚባል ቁጥር ያወጣሉ፤ ከፊደልና ከአኃዝ የተውጣጣ 64 ምልክት ያለው ሲሆን፣ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ቅንጣት ብትለወጥ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ሆኖ ይወጣል። ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ሰርትዩቲል የተባለው ትእዛዝ ይህን ቁጥር ከተቀበሉት አይኤስኦ ላይ አስልቶ ያሳያል። ቁጥሩን ግን ፍላሹን ካመጣው ሰው መቀበል አይገባም፤ ፋይሉን ያበላሸ እጅ ቁጥሩንም ሊለውጥ ይችላልና። ብዙ ጊጋባይት የማያሳልፍ መስመር 64 ምልክት ለማሳለፍ ስለማይሰንፍ፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ከአዘጋጆቹ ገጽ ገልብጦ በአንድ የጽሑፍ መልእክት ቢልከው፣ ቂርባ ያለው ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ፊደል በፊደል ያስተያያል፤ ከተለያዩም ፍላሹን ለአምጪው ይመልሳል።