እናትየውማ ታውቃለች

ጎጃም ውስጥ፣ አንድ ጤና ኬላ ደጃፍ፣ የገንፎ ሠርቶ ማሳያ አይቻለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምጥን ዱቄቱን በእንቁላልና በካሮት እያገነፋች ታስረዳለች፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከበዋታል። አጠገቤ የቆመችውን ሴት «ዶሮ የለሽም?» አልኳት። «አለኝ እንጂ። እንቁላሉን ቅዳሜ ሸጬ ጨውና ሳሙና፣ ለትልቁ ደግሞ ደብተር እገዛበታለሁ» አለችኝ። ያዘለችው ልጅ ክንድ ሲለካ ጥብጣቡ ቢጫው ላይ አረፈ። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ነው፤ ልጁ ምግብ አንሶታል ማለት ነው።

እንግዲህ «የግንዛቤ እጥረት አለባት» የምንላት ይህችን ሴት ነው። በየስብሰባው የሕፃናት መቀንጨር በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚከሰሰው የእናት አለማወቅ ነው፤ መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበውም ሌላ ሥልጠና። ይህን ክስ አልቀበለውም። የእንቁላልን ዋጋ ባታውቅማ ገበያ ድረስ ባልተሸከመችው ነበር! ትምህርቱ ከንቱ ነው አላልኩም፤ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ማጥባት ነፍስ ያተርፋል። ግን ሳሙናና ደብተር አይገዛም።

እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገራችን ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ጤፍ በሚታፈስበት በአማራ ክልል ቁጥሩ ከ40 በመቶ በላይ ነበር። እህል ባለበት አገር ልጅ የሚቀነጭረው እናቱ ስለማታውቅ ብቻ ነው? ያልተጣራ ውሃ የጠጣ ልጅ ያስቀምጠዋል፤ ተቅማጡ የበላውን ያስወጣል፣ የምግብ ፍላጎቱን ይዘጋል። የከሳ ገላ ደግሞ ለሳንባ ምች፣ ለኩፍኝ፣ ለሚቀጥለውም ተቅማጥ አቅም የለውም። ገንፎው ብቻውን ምን ያደርጋል?

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 24 በሽታንና የምግብ እጥረትን በገንቢ ምግብና በንጹሕ የመጠጥ ውሃ መዋጋትን የመንግሥት ግዴታ አድርጎታል። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 9 እንዲህ ያለውን ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ይለዋል። በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን ሲገባ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት የማለው መንግሥት ነው። ታዲያ ተጠርታ የምትመከረው እናትየው ብቻ የሆነችው በምን ሕግ ነው? የልጁ ክንድ ተለክቶ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ውሃ ያላቀረበው ባለሥልጣን ስም ግን የትም አይጻፍም።

ሠርቶ ማሳያው ሲያበቃ ሴትዮዋ ጀሪካኗን አነሳች። የሰፈሩ የእጅ ፓምፕ ከተሰበረ ሁለት ዓመት እንዳለፈው ነግራኝ፣ ልጇን እንዳዘለች ወደ ወንዙ ወረደች።