ለዳግም ጨረር የመጀመሪያው መዝገብ ወሳኝ ነው

የአንጎል ዕጢ ያለበት ሕመምተኛ ቀዶ ሕክምናውንና ጨረሩን ጨርሶ ቤተሰቡ እፎይ ካለ በኋላ፣ የክትትል ኤምአርአይ ዕጢው መመለሱን ሊያሳይ ይችላል። ያን ጊዜ ቤተሰብ የሚጠይቀው ይህ አንጎል ዳግመኛ ጨረር ይችል እንደሆነ ነው። መልሱ በአብዛኛው የሚመረኮዘው በመጀመሪያው ሕክምና ላይ ነው።

ግሊዮብላስቶማ ለተባለው ኃይለኛ ዕጢ የተለመደው የጨረር መጠን 60 ግሬይ ሲሆን፣ በ30 ቀጠሮ ተከፋፍሎ ስድስት ሳምንት ያህል ይሰጣል። ጤናማው የአንጎል ክፍል ከዚህ ጉዳት በጊዜ ብዛት በከፊል ያገግማል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይድንም። ስለዚህ የቀድሞው መጠን ሳይታወቅ ሌላ ቢጨመርበት ጤናማው ሥጋ ሊሞት፣ የዐይን ነርቭ ወይም የአንጎል ግንድ ሊጎዳ ይችላል። በጨረር የሞተ ሥጋ ራሱ በኤምአርአይ ላይ የተመለሰ ዕጢ ሊመስል ስለሚችልም፣ ሐኪሞች ከመወሰናቸው በፊት ተጨማሪ ምርመራ ያዝዛሉ።

ዕጢው መመለሱ ከተረጋገጠ አማራጮቹ ከአንድ በላይ ናቸው። ትንሽና ድንበሩ የለየ ከሆነ፣ ጠባብ ጨረር በከፍተኛ ትክክለኛነት ከአንድ እስከ አምስት በሚደርስ ቀጠሮ ይሰጣል። ሰፋ ያለ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ 35 ግሬይ በ10 ቀጠሮ ይከፋፈላል። ዳግም ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ ወይም ስቃይን በሚያስታግስ እንክብካቤ ላይ ማተኮርም አለ።

የሚጠበቀው ውጤት ግን በግልጽ ሊነገር ይገባል። በአሜሪካ በተካሄደ ጥናት፣ ግሊዮብላስቶማ ለተመለሰባቸው ሕሙማን ከቤቫሲዙማብ መድኃኒት ጋር ዳግም ጨረር ሲሰጥ፣ በስድስት ወር ውስጥ ዕጢው ያልገፋባቸው ከ29 በመቶ ወደ 54 በመቶ ከፍ ብለዋል፤ ዕድሜያቸው ግን አልረዘመም። ዳግም ጨረር ፋታ ሊሰጥ ይችላል፤ ፈውስ እንደሆነ አድርጎ መናገር ግን ሕመምተኛውን ማሳሳት ነው።

ይህ ጉዳይ በደማምና በኾበር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ልዩ ክብደት አለው። ከመካከላቸው የመጀመሪያውን ሕክምና በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጀምሮ እዚህ የሚቀጥል፣ ወይም በደማሙ የንጉሥ ፋህድ ስፔሻሊስት ሆስፒታል ታክሞ የሥራ ውሉ ሲያበቃ ወደ አገሩ የሚመለስ ሊኖር ይችላል። መዝገቡ በአንድ አገር ሰውየው በሌላ አገር ሲሆኑ፣ ሐኪሙ የሚወስነው በግምት ይሆናል።

ስለዚህ የጨረር ሕክምና የሚሰጥ ተቋም ሁሉ፣ ሕክምናው ሲያበቃ አጠቃላይ መጠኑን፣ የቀጠሮውን ብዛት፣ የተጨረረውን ቦታና ቀኑን የያዘ ማጠቃለያ፣ ከዕቅዱ ፋይልና ከኤምአርአይ ምስሎች ጋር፣ ሕመምተኛው ሳይጠይቅ በእጁ ሊሰጠው ይገባል። ዐረብኛ ለማይችል ሕመምተኛም ውሳኔ ከመፈረሙ በፊት የሚያስረዳው አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። ቤተሰብም ከሆስፒታል ሳይወጣ ይህን ሰነድ ይጠይቅ፤ ከፓስፖርትና ከኢቃማ ጋር ያኑረው።

በአላህ መመካት ሰበብን ከማድረስ ጋር እንደማይጣላ የእምነታችን ሊቃውንት አስተምረውናል። ለዚህ ሕመምተኛ ሰበቡን የማድረስ መጀመሪያ፣ የሕክምና ታሪኩን ሳያጎድሉ ለሐኪሙ ማቅረብ ነው።