የሕፃናት የቴክኒክ ትምህርት ከእጅ ሥራ ይጀምር

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ የሰው ልጅ ተፈጥሮን ለጥቅሙ ያዋለው በእጁ እየሠራና በሠራው ላይ እያሰላሰለ ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን በእጁ የሚሠራው ሁሉ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ እየተባለ ሲሰደብና በቡዳነት ሲፈረጅ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ፤ ንቀቱ ግን አልወጣም። ልጁ ኢንጂነር እንዲሆንለት የሚመኘው አባት ዛሬም ልጁ እጁን ግራሶ ነክቶት ሲመጣ ይቆጣል።

ይህ ቅራኔ ዋጋ አስከፍሎናል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ዓመታት ሳይቆጠሩ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ማሽን ገዝቶ መገልገልና ማሽንን ዐውቆ መጠገን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ተሳፋሪው ሠራተኛ በፌርማታው ተሰልፎ ተምሯል።

ከዚህ አኳያ የግምጃ ቤትን ሕፃናት እንመልከት። አዊ የፈረስ አገር ነው፤ የአገው ፈረሰኞች በዓልም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ይከበራል። የባለጋሪ ልጅ ጭነቱ ወደ ኋላ ካጋደለ ጋሪው ፈረሱን ወደ ላይ እንደሚስበው ያውቃል። የሚዛንን ሕግ ያውቃል ማለት ነው፤ ስሙን ብቻ አልነገሩትም። ከሽቦ መኪና የሚጠመዝዘው፣ በአሮጌ ኩሽኔታ ቁልቁለት የሚንሸራተተው ሕፃንም እንዲሁ ነው።

ሮቦት ሲባል ብረት ለበስ ሰው የሚታየው ብዙ ነው። ለሕፃናት የሚበጀው ግን ሁለት ሞተር፣ ባትሪና አንድ ጠቋሚ መሣሪያ ያላት ትንሽ መኪና ናት። መሣሪያው ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ግድግዳ ነክቶ እስኪመለስ ጊዜውን ይለካል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከ1 ሜትር ርቀት በ6 ሺኛ ሰከንድ ገደማ ይመለሳል። መኪናዋ ግድግዳውን ከገጨች ልጁ ስሌቱን ያርማል። ንድፈ ሐሳብ ከተግባር ጋር የሚዋሃደው እዚህ ላይ ነው፤ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ በመቀዳት አይደለም።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች የተቋቋመ የስቴም ማዕከል አለ፤ በአዲስ አበባም ለሕፃናት ሮቦት የሚያስተምሩ አሉ። ነገር ግን ዕድሉ የከተማና የከፋይ ወላጆች ልጆች ሀብት ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በየቀበሌው ጣቢያ ከፍቶ፣ ኋላም በ15 ቋንቋዎች ያስተማረው የሠለጠነ መምህር እስኪበዛ ሳይጠብቅ ነበር። የግምጃ ቤት ወርክሾፕም በአውንጊ ይሰጥ፤ የእንግሊዝኛ መመሪያ ለልጁ ሁለተኛ ግድግዳ እንዳይሆንበት።

አዳራሹ የቀበሌው ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ተዘግቶ ይውላል። ጋራዥ ያለው፣ ሬዲዮ የሚጠግን፣ ጋሪ የሚሠራ ነዋሪ በየተራ ሁለት ሰዓት ይስጥ። ለሞተሩ ገንዘብ የለም የሚል ካለ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት አቧራ የጠጣውን የተበላሸ የኮምፒውተር ማተሚያ ይፍታ፤ ከውስጡ ሞተሩንም ጥርሱንም ያገኛል።