ቤት ሠራን፤ ሰፈርስ?



ውድ አንባቢያን፣ በአሁኑ ጊዜ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ሻይ ቡና ሲል ዞሮ ዞሮ የማይቀር ጥያቄ አለ፤ «ከከተማ እንውጣ ወይስ እንቆይ?» የሚል። መውጣት ሲባል ባሕር መሻገር አይደለም። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ መግባት ማለት ነው። በዚህ ወር ዓምዳችን ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ልንል ወደናል። እኛም ከወጡት ወገን ነንና የምንናገረው ዳር ቆመን እያየን አይደለም።

መጀመሪያ ለምን እንደወጣን እንናገር። መርካቶ አጠገብ በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ስድስት ነፍስ ሆነን እንኖር ነበር። አከራያችን ክፉ ሰው አልነበሩም። ይሁንና እንግዳ በመጣ ቁጥር «ስንት ቀን ይቀመጣሉ?» መባሉ፣ ልጅ በሮጠ ቁጥር «ዝም በል፣ ሰው ይሰማል» ማለቱ ውሎ አድሮ ያማል። እናታችን ለሕክምና ከአገር ቤት ሲመጡ የሚተኙበት ጥግ አጥተን ዘመድ ቤት የሸኘናቸው ዕለት ነው ነገሩ የቆረጠልን። የቆጠብነውን ቆጥበን፣ የተበደርነውን ተበድረን ቡራዩ ገባን። የመጀመሪያው ቀን ማታ ልጆቹ እስኪጨልም ግቢውን ሲዞሩ «ዝም በሉ» ያላቸው አልነበረም። አልሐምዱሊላህ አልን። ዛሬም እንላለን።

የእነዚህ ከተሞች ማራኪነት ሐሰት አይደለም። ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ ናት። ብርዷ ያንቀጠቅጣል፤ አየሯ ግን ጤና ነው፤ ወተቷም ለአዲስ አበባ ይተርፋል። ሯጮቻችን ለልምምድ የሚመርጧት በከንቱ አይደለም። ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ ስትሆን በፋብሪካዎቿ ብዛት ከየክፍለ አገሩ ለሚመጣ ወጣት የእንጀራ በር ናት። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ የሚነሣውም ከዚያው ነው። ቡራዩ በአምቦ መንገድ ከአስኮ ቀጥላ ትገኛለች፤ መርካቶ ለሚነግድ ሰው ቅርብ ናት። በሦስቱም ቦታ ለልጅ መሮጫ፣ ለእናት ጎመንና ጤና አዳም መትከያ፣ ለኢፍጣር እንግዳ ሰብስቦ ማስቀመጫ ይገኛል። ሐዘንም ሲመጣ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ አይታጣም። ይህ ለኪራይ ቤት ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

በዚህ ምክንያት ነው ከተሞቹ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ እንዲህ ያበጡት። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ቡራዩ 10 ሺህ ያህል፣ ሰበታ 14 ሺህ ያህል ሰው ነበራቸው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ እያንዳንዳቸው 50 ሺህ ገደማ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ባይደረግም፣ ማለዳ አስኮ ወይም አየር ጤና ቆሞ የሚያይ ሰው ቁጥሩ የት እንደደረሰ ይገምታል። አዲስ አበባ ውስጥ የሊዝ መሬት ዋጋ ለደመወዝተኛ የማይቀመስ ሆነ። ለኮንዶሚኒየም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተመዝግቦ ዕጣ ሲጠብቅ ብዙ ዓመት አለፈ። የመሐል ከተማ አሮጌ ሰፈሮች ለልማት ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ዳር ተገፋ። ውሃ ሲሞላ ወደ ዝቅተኛው ቦታ እንደሚፈስ፣ ሕዝቡም ኪራይ ዝቅ ወዳለበት ፈሰሰ።

አሁን ወደ ዕዳው እንምጣ። የመጀመሪያው ዕዳ ሰዓት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት በመንገድ ላይ የሚያጠፋ ሰው በቀን አራት ሰዓት ከፈለ ማለት ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ሲሠራ ሃያ አራት ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ ከሳምንቱ ሰባት ቀን አንዱ ሙሉውን፣ ቀኑም ሌሊቱም፣ ለመንገድ ተሰጠ። አባት ሱብሒ ሰግዶ ሲወጣ ልጅ አልነቃም፤ ዒሻእ ደርሶ ሲመለስ ልጅ ተኝቷል። እኛ በምናስተምርበት ክፍል በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ የሚያንቀላፉ ልጆች አሉ። ድሮ እንቆጣቸው ነበር። ከየት ተነሥተው እንደሚመጡ ስንጠይቅ ግን ቁጣችን አፍ አፋችን ላይ ቀረ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥቶ ሁለት ታክሲ የቀየረ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሁለት ሰዓት ላይ ቢያንቀላፋ ጥፋቱ የማን ነው?

ሁለተኛው ዕዳ ውሃና መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ግድቦች ሁሉ ቀደምቱ ገፈርሳ ያለው ቡራዩ ነው። እኛ ግን ከግድቡ ብዙም ሳንርቅ ጀሪካን ተሸክመን የወረፋ ጓደኛ ያፈራን ሰዎች ነን። ክረምት ሲገባ ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያለው ጭቃ ጫማ ይነጥቃል፤ ባጃጁም «አልገባም» ይላል። ሰበታ ያሉ ወዳጆቻችን ደግሞ ፋብሪካዎች በሚለቁት ፍሳሽ የተበላሸውን ወንዝ እያዩ ልጆቻቸውን ከወንዙ ዳር ሲመልሱ ይውላሉ።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። ህንድ ውስጥ ባንጋሎር የምትባል፣ በአትክልቷና በሐይቆቿ ስመ ጥር የነበረች ከተማ አለች። የኮምፒዩተር ሥራ ከመላው አገሪቱ ወጣት ሰበሰበላት፤ ሕዝቧ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ከ4 ሚሊዮን ወደ 8 ሚሊዮን ዘለለ። ከሐይቆቿ ብዙዎቹ ተደፍነው ቤት ተሠራባቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ያች ባለ ሐይቅ ከተማ በውሃ እጦት ስትጨነቅ ዓለም አየ። ሆኖም ወጣቱ ዛሬም ወደ እርሷ ይጎርፋል፤ ሥራው ያለው እዚያ ነውና። የሱሉልታን ረግረግና ሜዳ በቤት ስንሞላ ይህን ማስታወስ አይከፋም።

ሦስተኛው ዕዳ ለመናገርም የሚከብድ ነው። ከደጃችን ማዶ አንድ አዛውንት ኦሮሞ ገበሬ አሉ። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ ወደ ወጥ ቤታችን እያመለከቱ «እዚያ አውድማ ነበር» አሉን። በቁጣ አልነበረም፤ አገር እንደሚያስጎበኝ ሰው ነበር የተናገሩት። ዛሬ አንድ ልጃቸው ባጃጅ ይነዳል፤ ሌላው የሰው በር ይጠብቃል። የካሳው ገንዘብ ቶሎ አለቀ፤ መሬቱ ግን አይመለስም። በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ባንድ ያያያዘው ማስተር ፕላን ያን ያህል ተቃውሞ ያስነሣው፣ በኋላም በጥር 2008 ዓ.ም. የተሰረዘው፣ በዚህ የመሬት ጥያቄ ምክንያት ነበር። እኛ ቤት የሌለን ሆነን መጣን፤ ነገር ግን የመጣነው ባዶ ቦታ ላይ አይደለም። ይህን የሚረሳ ሰው የጎረቤትን ሐቅ ከመነሻው ያጎድላል።

ከመሬት ጋር የወረቀት ነገር ይመጣል። መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም አይለወጥም፤ ሆኖም በመንደር ውል እየተገዛ ስንት ቤት እንደተሠራ ሁሉም ያውቃል። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱ ከተሞች ከሌሎች ጋር ተዋህደው ሸገር ከተማ ሲቋቋም «ሕገ ወጥ ግንባታ» የተባሉ በርካታ ቤቶች ፈረሱ፤ መስጂዶችም ፈረሱ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር አዲስ አበባ በታላቁ አንዋር መስጂድ በተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፋ። አላህ ይዘንላቸው። ቁስሉ ገና አልሻረምና እዚህ ላይ ብዙ አንጨምርም። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ያለ ካርታ ለቤት የሚሰጥ ገንዘብ የልጆችን ዕጣ በነፋስ ላይ እንደማስቀመጥ ነው። ለመስጂድና ለመድረሳም ቢሆን ከግንቡ በፊት ሰነዱ ይቅደም።

ከዕዳ ሁሉ የከበደብን ግን የሚከተለው ነው።

ቡራዩ በገባን በአራተኛው ዓመት፣ ከእኛ ቤት በሦስተኛው በር አንድ ሰው ሞተ። ድንኳን ሲተከል አይተን ወጣን። ቆመን «ማን ነው የሞተው?» ብለን ጠየቅን። የሰውየውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው ያን ዕለት ነው። አራት ዓመት በአንድ ጭቃ ተመላልሰናል፤ ምናልባትም በአንድ ታክሲ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። እርሱም በጨለማ ይወጣ ነበር፤ እኛም በጨለማ። ሚስቱ ለአንድ ወር ታሞ ተኝቶ እንደነበር ስትነግረን መሬት ብትውጠን በወደድን። በመርካቶው ኪራይ ቤት ሳለን አንድ ሕፃን ሌሊት ቢያስል ጠዋት አምስት ሰው «እንዴት አደረ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

በዚያን ዕለት ነው ነገሩ የገባን። እዚያ ቤት አልነበረንም፤ ሰፈር ግን ነበረን። እዚህ ቤት አለን፤ ሰፈር ግን ገና አልሠራንም። ግንቡን አስረዘምን፣ በላዩ ጠርሙስ ሰካን፣ በሩን በብረት አጠነከርን፤ ከበሩ ውጭ ላለው ሰው ግን ጊዜ አላስተረፍንም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው ያ ሁሉ ሰው ሲገደልና በሺህ የሚቆጠረው ሲፈናቀል ከተማው ያየው መከራ ይታወሳል። በዚያን ቀን ሰው የሚያስፈልገው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ደግሞ በክፉ ቀን አይፈለግም፤ በደህናው ቀን ይዘጋጃል እንጂ።

ደግነቱ ሰፈር የሚበቅልበት ቦታ አይታወቅም። በአንድ ረመዳን ከመርካቶ ስንመለስ መንገዱ ተዘግቶ መግሪብ አስኮ ላይ ያዘን። ታክሲው ውስጥ ዝም ብለን ተቀምጠን ሳለ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ከዘንቢላቸው ተምር አውጥተው «ያዙ ልጆቼ፣ አሳልፉ» አሉ። ተምሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ረዳቱ መስቀል በአንገቱ ያሠረ ልጅ ነበር፤ የራሱን የውሃ ጠርሙስ አውጥቶ «እኔ አልጠማኝም» ብሎ ሰጠን። ከዚያ በኋላ ስም መጠያየቅ ተጀመረ። ሁለቱ ሰዎች ከእኛው መንደር ሆነው ተገኙ። ዛሬ ከሁለቱ አንዱ የመንደራችን ዕድር ጸሐፊ ነው።

እንግዲህ «እንውጣ ወይስ እንቆይ?» ለሚሉን ወንድሞችና እህቶች ምክራችን አጭር ነው። አንደኛ፣ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ሰነዱን እዩ፤ በበጋ ያያችሁትን ቦታም በክረምት ድገሙት። ሁለተኛ፣ ኪራይ ስንት እንደሚተርፋችሁ ስታሰሉ በመንገድ የሚቀረውን ሰዓትም አብራችሁ አስሉ። በተለይ ልጆቹን ከተቻለ በምትኖሩበት አካባቢ አስተምሩ፤ የአባት ድካም ለልጅ አይውረድ። ሦስተኛ፣ የአገሩን ቋንቋ ተማሩ። ልጆቻችን በሦስት ወር ኦሮምኛ ሲናገሩ እኛ ስምንት ዓመት «አካም» ብቻ ይዘን መቅረታችን ያሳፍራል። አራተኛ፣ በገባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ቴሌቪዥኑ ሳይሰቀል፣ በግራም በቀኝም ያሉትን ቤቶች አንኳኩ። ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን ስሙን ጠይቁ፣ ስማችሁን ንገሩ። ዕድር ካለ ግቡ፤ ከሌለ አቋቁሙ።

እኛ በበኩላችን ከዚያ ለቅሶ በኋላ አንድ ነገር ጀመርን። እሁድ ከዐስር ሶላት በኋላ ከበራችን ውጭ አግዳሚ ወንበር አውጥተን ጀበናውን እንጥዳለን። በሩን ክፍት እንተዋለን። መጀመሪያ ሳምንት ማንም አልመጣም። ሁለተኛው ሳምንት አዛውንቱ ጎረቤታችን መጡና የእህሉን አውድማ ነገር እንደገና አወጉን። ባለፈው እሁድ ዘጠኝ ሰው ነበርን፤ የሟቹ ባለቤትም ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። ስሙን አሁን እናውቀዋለን።